የእናቴ የፈረንሳይ ብር

ሆሳዕና ውስጥ የእኛ ቤት የሚታወቀው በማንኪያ ነበር። ሌላው ቤት በግቢው ዛፍ፣ በአባወራው ሥራ ወይም በውሻው ክፋት ሲጠራ፣ እኛ ጋ የሚመጣ እንግዳ «የማንኪያዎቹ ቤት» ብሎ ከጠየቀ በቂ ነው፤ ባለ ባጃጁ ራሱ በር ላይ አድርሶት ይመለሳል። ልጅ ሳለሁ የክፍሌ ልጆች «እነሱ ቤት የፈረንሳይ ብር አለ» ሲባል ሰምተው የወረቀት ገንዘብ መስሏቸው ነበር። አንዱን ብቻ ይዤ መጥቼ እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ማንኪያ ነው አልኳቸው። ስቀው ሊሞቱ። ከዚያ በኋላ አስተማሪ ለምሳሌ ያህል እንኳ «ማንኪያ» ባለ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ይዞር ነበር፤ እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ደብተሬ ላይ መስመር አሰምር ነበር።

እናቴ ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። አባቷ ምድር ባቡር ጸሐፊ ነበሩ። ፈረንሳዊ አለቃቸው ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሚስቱ ዕቃዋን ስታሰናዳ የማንኪያዎቹን ሳጥን አንስታ ለአያቴ ሰጠቻቸው። ለምን እንደሰጠቻቸው ሲነሳ እናቴ የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የቤቷን ቁልፍ አምና የምትሰጠው ለአባቴ ብቻ ስለነበረ።» አባቴ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ነው። እናቴን ድሬዳዋ አግብቶ ወደ ሆሳዕና ሲዛወር፣ ሌላው ጓዝ መኪናው ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ ሳጥኑ ግን እዚህ እስኪደርሱ እናቴ ጭን ላይ ነበር ይባላል።

ዕቃው በእርግጥ ውብ ነው። አሁን ላየው ባልወድም ይህን መካድ አልችልም። ሳጥኑ ጥቁር እንጨት፣ ውስጡ አረንጓዴ ከፋይ፤ ለእያንዳንዱ ማንኪያና ሹካ ልኩን ጠብቆ የተቆረጠ ማረፊያ አለው። አሥራ ሁለት ማንኪያ፣ አሥራ ሁለት ሹካ፣ አንድ ትልቅ ጭልፋ። በእጀታቸው ዳርና ዳር ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ይወጡና ጫፉ ላይ ተጠምዝዘው ይገናኛሉ። ስታነሱት ይከብዳል፤ ግን ክብደቱ መዳፍ ላይ ደልደል ብሎ ስለሚቀመጥ እጅ አያደክምም። ሁለቱን ስታጋጩአቸው እንደ ትንሽ ደወል ድምፃቸው ይቆያል፤ የገበያው ማንኪያ ቀጭ ብሎ ዝም ነው። የማንኪያዎቹ አፍ በግራ በኩል ትንሽ ሳስቷል። ከእኛ በፊት ስንትና ስንት ሰው በቀኝ እጁ ይዞ የሳህኑን ግርጌ ሲፍቅበት እንደኖረ ያ የሳሳው ቦታ ይናገራል። ከእጀታው ጀርባ ደግሞ የስንዴ ቅንጣት የማታህል፣ የጦር ቁር የደፋች ሴት ፊት ተመትቶበታል። እናቴ ልጅ ሳለሁ «ሴትዮዋን ፈልጊያት» ትለኝና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብዬ እፈልጋታለሁ። ብሩ ንጹሕ መሆኑን የምትመሰክረው እሷ ናት፤ ብር ውስጥ የተነከረ ሌላ ብረት ቢሆን ኖሮ እሷ እዚያ አትኖርም።

እናቴ ከሁሉ የምትኮራው ግን ጀርባቸው ላይ ተቃቅፈው በተቀረጹት ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ነበር። የሙሽራውና የሙሽሪት ቤት ፊደላት ናቸው። በዚያ አገር የጨዋ ልጅ ስትዳር ብሯን ይዛ ነው የምትሄደው፤ ሁለቱ ቤቶች መጋጠማቸው ለእንግዳ እንዲታይ ፊደሉ ይቀረጻል። ስለዚህም ሹካው ጥርሱ ወደ ታች ተደፍቶ ነው ገበታ ላይ የሚቀመጠው፤ ጀርባው እንዲነበብ። እናቴ ይህን ስታስተምረኝ «ሹካ ለምን እንደሚደፋ የሚያውቅ ቤት አለ፤ የማያውቅ ቤት አለ» ብላኛለች። በዓል ሲቀርብ አባቴ ከትምህርት ቤት የሚያመጣውን የጠመኔ ስብርባሪ አድቅቄ፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አርጥቤ የምወለውላቸው እኔ ነበርኩ። ዶሮ ወጥ በተበላባቸው ማግስት እንቁላሉ ስለሚያጠቁራቸው ሥራው ይበዛል።

ባለቤቴን ያገኘሁት ሥራ ቦታ ነው። ከሆሳዕና ወጣ ብላ ያለችው የሆመቾ ልጅ ነው። አባቱ እንሰትና ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬ፣ በቤተክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። ለጋብቻ ጥያቄ ሽማግሌ ሆነው ወደ እኛ ቤት ከመጡት መካከል ዋናው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ከጉራጌ የመጡ ባለሱቅ፣ ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ ሰው። አባቴ እሺ ካለ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች እንዲተዋወቁ እኛ ቤት ምሳ ተደገሰ። ከዚያ ወገን የሚመጡት ያኔ እጮኛዬ የነበረው ባለቤቴ፣ አባቱና ሁለት የአባቱ ወንድሞች ነበሩ፤ ባለሱቁም አብረው።

እናቴ ጠዋት ሳጥኑን አወጣች። አባቴ ቀስ ብሎ «ተይው፤ ሰዎቹ እንደለመዱት ይብሉ» አላት። አልሰማችውም። እያንዳንዱን ሹካ ደፍታ፣ በክንዷ ርቀቱን እየለካች ደረደረች። ክትፎውን የምትለውሰው ራሷ ስለነበረች፣ በትልቁ ጣሳ የቀለጠውን ንጥር ቅቤ እየጨለፈች ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን ትመላለሳለች።

እንግዶቹ ገቡ። የባለቤቴ አባት ረጅም ናቸው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። አማርኛቸው የአገራቸው ቃና አለው፤ ቃል መርጠው ዝግ ብለው ነው የሚናገሩት። ገበታው ፊት ቆመው ረጅም ጸሎት አደረሱ፤ ለሁለታችን፣ ለእናቴ እጅ፣ ለአባቴ ቤት። ከዚያ ተቀመጡና ቆጮውን ሊቆርሱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሹካው እንዲህ ነው የሚያዘው» አለች እናቴ፤ የራሷን አንስታ አሳየቻቸው።

ድምፅዋ ደግ ነበር። ምን ጊዜም እንደዚያ ደግ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም፤ ያ ነው የባሰው። እሳቸው እጃቸውን መለሱና ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ወንድሞቻቸውም መለሱ። ባለሱቁ ሳቅ ሊያደርጉት ሞከሩ፤ ማንም አልተከተላቸውም። እኔ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። እጮኛዬን ለማየት አቅም አጥቼ ሳህኔን አየሁ። እናቴ ግን ዝምታውን እንደ አድናቆት ቆጥራ ስለ ፈረንሳዊቷ፣ ስለ ፊደላቱ፣ ስለ ሙሽሮቹ ቤት ሁሉንም ተናገረች።

የባለቤቴ አባት እስክትጨርስ በአክብሮት ሰሟት። ከፊታቸው ያለውን ማንኪያ አንሥተው አገላበጡት፤ መስመሩን በአውራ ጣታቸው ተከትለው እስከ ጫፉ ሄዱ። «የሠራው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ የባለቤቶቹን ታሪክ እንደገና ጀመረች። «የበሉበትንማ ነገሩኝ» አሉ፤ «የሠራውን ማለቴ ነው።» እሱን ማን ያውቃል አለች እናቴ። እሳቸውም እጁ የተባረከ ሰው ነው ብለው ማንኪያውን ባነሱበት ቦታ መለሱት። ምሳውን እስከ መጨረሻው በእጃቸው በሉ። አመስግነው፣ መርቀው ሄዱ።

እናቴ አጥባ፣ አድርቃ እያንዳንዱን ወደ ማረፊያው ስትመልስ አንድ የማንኪያ ቦታ ባዶ ቀረ።

ፈለግን። ቆጮ የቀረበበትን ኮባ አንድ በአንድ ገለጥን፤ የሶፋውን ትራስ አነሳን፤ ቆሻሻውን ደጅ ዘርግተን በእንጨት በተንን። እናቴ ወገቧን ይዛ ቆማ «ሲያገላብጡት አይተሻል አይደል?» አለችኝ። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ አላት። እሷ ስልኳን አንሥታ ለባለሱቁ ደወለች።

ስድብ የለበትም፤ ክስም የለበትም። «ምናልባት ሳያውቁት ከጋቢ ጋር ተጠቅልሎ ሄዶ እንደሆነ፣ እባክዎ እንዲያው ቢጠይቁልኝ» ነው ያለችው። አጠገቧ ነበርኩ። ቃሉ ሲወጣ ሰማሁት፤ ስልኩን ከእጇ ልነጥቃት ፈለግሁ፤ ግን እናት ናትና እጄን አላነሳሁም። ያ ቃል በዚያ ትሕትናው ሆመቾ ድረስ እንደሚሄድ፣ በዚያ የጸለዩልን ሰው ጆሮ እንደሚገባ እያወቅሁ ቆሜ ቀረሁ።

ባለሱቁ መልእክቱን ማድረስ አልፈለጉም ነበር። እናቴ ሁለተኛ ጊዜ ስትደውልላቸው ሄዱ። ሲመለሱ ወደ እኛ ቤት አልገቡም፤ እኔ ነኝ ሱቃቸው ድረስ የሄድኩት። ከስኳሩ ኬሻ አጠገብ ተቀምጠው ነገሩኝ። የባለቤቴ አባት ዝም ብለው ከሰሟቸው በኋላ ሁለቱን ወንድሞቻቸውን አስጠሩ። ሦስቱም ግቢው መካከል ቆመው ጋቢያቸውን አውልቀው አራገፉ። ከዚያ የኮታቸውን ኪስ ገለበጡ። መሀረብ፣ ሰንጢ፣ የቤት ቁልፍ፣ ተጣጥፎ የሳሳ ወረቀት መሬት ላይ ተደረደረ። ጋቢውን ዳብሰው እንዲያዩ ለባለሱቁ ሰጧቸው። ሚስታቸው በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። «ልጄ፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ነው ያልኩት» አሉኝ ባለሱቁ፤ «እናትሽን ይህን እንዳትነግሪያት ግን። እሷም ሰው ናት።»

ነገርኳት። አላመነችኝም ወይም ያላመነች መሰለች፤ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እጮኛዬ ይጮህብኛል፣ ይተወኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማታ ደውሎ «አባቴ ሰርጉ ይቀጥል ብሏል» አለኝና ስለ አዳራሹ ኪራይ ማውራት ጀመረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምት ገባ፤ ሆሳዕና በዝናብና በጉም ተሸፈነች። ሰርጉ ሲቃረብ ለድግሱ ቅመም እያዘጋጀን ሳለ ቅቤ እንዳወጣ እናቴ አዘዘችኝ። ያ ትልቁ ጣሳ ውስጥ ያለው ንጥር ቅቤ በብርዱ እንደ ሳሙና ጠንክሯል። በቢላዋ ስቆርጠው ወደ ግርጌው አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጎን ጎኑን ቆፍሬ በጣቴ ሳብሁት፤ ከቢጫው ቅቤ ውስጥ ሁለቱ ቀጫጭን መስመሮች ወጡ። ማንኪያው ነበር። በዚያ ምሳ ቀን እናቴ ክትፎውን ስትለውስ የጨለፈችበት፣ ቀልጦ በነበረው ቅቤ ውስጥ ከእጇ የሰጠመ።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ማንኪያውን ከእጄ ወሰደች፤ በሙቅ ውኃ አጥባ፣ በቀሚሷ ጠርጋ ሄዳ ቦታው ላይ አስቀመጠችው። ሳጥኑን ስትዘጋ «እኔው ነኝ ለካ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለሳጥኑ የተናገረች ያህል። አባቴ ሰምቶ ከመኝታ ቤት ወጣ። በሕይወቴ ድምፁን ከፍ ሲያደርግባት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለሰዎቹ ንገሪ፣ አሁኑኑ፣ እኔ ፊት አላት።

ለባለሱቁ ደወለች። «ተገኝቷል» አለች። የት እንደተገኘ አልተናገረችም፤ ይቅርታም አልጨመረችበትም። በማግስቱ በባለሱቁ በኩል ከሆመቾ መልስ መጣ፤ «እንኳን ተገኘ» የሚል።

ተጋባን። ሰርጉ ጥሩ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ጨፈረ፤ ፎቶ ላይ ሁሉም ይስቃል። እናቴ ሴት ልጅ ብሯን ይዛ ትሄዳለች ብላ ሳጥኑን ልትሰጠኝ ስታነሳ፣ እዚሁ ይቆይ አልኳት። አልገፋችበትም።

የባለቤቴ አባት ከሰርጉ በኋላ መጀመሪያ ወደ ወላጆቼ ቤት የመጡት በመስቀል ማግስት ነው። በሉ፣ ጠጡ፣ ከአባቴ ጋር ስለ ዝናቡና ስለ ስንዴው ተጫወቱ። ሊሄዱ ሲነሡ በረንዳው ላይ ቆሙ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ በሁለት እጃቸው ዘርግተው አራገፉት፤ መልሰው ለበሱት። ማንንም አላዩም። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ደህና ዋሉ ብለው ወጡ። እናቴ ከበሩ ሳንቃ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ሲገረጣ አየሁ።

ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። ለገና መጥተው አራገፉ። ልጄን ወልጄ እናቴ ቤት ሳለሁ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ልጄን አቅፈው መርቀው፣ ሲወጡ አራገፉ። አባቴ ታሞ በተኛ ጊዜ ሊጠይቁት መጥተው አልጋው አጠገብ ተንበርክከው ጸልየውለት ሲወጡ አራገፉ። አንድም ቀን ስለ ማንኪያ ቃል አልተነፈሱም። እኔም ይህን ልማድ እንዲተዉ ለመለመን ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ ምን ብዬ? እንዲተዉት ስለምናቸው መጀመሪያ ለምን እንደሚያደርጉት መናገር ይኖርብኛል። ለበዓል ወደ እናቴ ቤት ስንሄድ ምግቡ አይጥመኝም ነበር። መውጫቸውን እየጠበቅሁ ነው የምበላው።

ልጄ አደገች፤ መዋዕለ ሕፃናት ገባች። የባለቤቴን አባት፣ «አባባ» የምትላቸውን አያቷን፣ ከሰው ሁሉ አብልጣ ትወዳቸዋለች። አንድ የፋሲካ ቀን እናቴ ቤት ውለን አባባ ገና ሳይነሡ እኛ ቀድመን ልንወጣ ሆነ። ልጄ በረንዳው ላይ ቆመችና ትንሿን ነጠላዋን አውልቃ፣ በሁለት እጇ ዘርግታ አራገፈች። ከዚያ መልሳ ለበሰች። ምን እያደረግሽ ነው አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። «ከእማማ ቤት ሲወጣ እንዲህ ነው አይደል የሚደረገው?» አለች።

እናቴ ሰማች። ባለቤቴም ሰማ። እሱ ልጄን አንሥቶ ወደ ግቢው በር ሄደ። እናቴ በረንዳው ላይ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሆመቾ ውሰጂኝ አለችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም ነበር፤ መንገዱ ወገቤን ይጎዳኛል ነበር ምክንያቷ።

በሚቀጥለው ሳምንት በሚኒባስ ሄድን። እንደምንመጣ ተነግሯቸው ስለነበር ቤቱ ተጠርጎ፣ ትኩስ ሣር ተጎዝጉዞ ጠበቀን። የባለቤቴ እናት ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራውን አታካና አቀረቡ። ከጎኑ ማንኪያዎች ደረደሩ። አዲስ ናቸው፤ እጀታቸው ላይ የሱቁ ወረቀት ገና አልተላጠም። ለእናቴ ብለው ነው የገዟቸው። እናቴ አንዱን አንሥታ ያን ወረቀት በጥፍሯ ስትዳብስ አየሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ሀፍረት ከምሳው ቀን ይልቅ ይከብዳል፤ እነዚህ ሰዎች ለእኛ ሲሉ ገበያ ወጥተው ማንኪያ መርጠዋል። በላች፤ አመሰገነች። አባባ ስለ አባቴ ጤና ጠየቋት።

ልንሄድ ስንነሣ አባባ እስከ ግቢው መካከል ሸኙን። እናቴ እዚያ ቆመች። ቦርሳዋን ከፈተችና አፉን ወደ ታች ደፋችው። ቁልፍ፣ መነጽር፣ መሀረብ፣ የደም ግፊት መድኃኒቷ፣ ስልኳ፣ ትንሿ የጸሎት መጽሐፍ ሣሩ ላይ ወደቁ። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውልቃ አራገፈች። ነጭ ፀጉሯ ተገለጠ። እኔ እንድታነሣ ልረዳት ጎንበስ ስል አባባ በእጃቸው ከለከሉኝ። ራሳቸው በርከክ አሉ። የወደቀውን አንድ በአንድ አነሡ፤ የጸሎት መጽሐፉን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ሁሉንም ወደ ቦርሳው መለሱ።

«እህቴ» አሏት ቀና ሲሉ፤ «እኔ እኮ የማራግፈው የመንገዱን አቧራ ነው።»

«የእኔ ግን አቧራ አይደለም» አለች እናቴ። «ያን ቀን ማንኪያው ከእኔው ቅቤ ውስጥ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

እሳቸው ቦርሳውን ክንዷ ላይ አንጠለጠሉላትና ሚኒባሱ እስከሚቆምበት ድረስ ከእኛ ጋር ሄዱ። መንገድ ላይ ያወሩት ስለ ጭቃው ነው፤ የት የት ብትረግጥ እንደሚሻላት። እውነት አቧራ ነበር ወይስ ያን ያሉት እሷን ለማዳን ነው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ጋቢያቸውን ማራገፍ ትተዋል። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ በረንዳው ላይ እጃቸው ወደ ትከሻቸው ሲሄድ አየሁ፤ ጋቢውን ጠበቅ አድርገው ለበሱና ወጡ። እናቴና እሳቸው አሁን በስልክ ይጠያየቃሉ፤ አንዳንዴም እኔ ሳላውቅ። ሰው ሲሰማ ነገሩ በመልካም አለቀ ይላል። ለእነሱ አልቆ ይሆናል።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ወደ እኔ ቤት መጣች፤ ሳጥኑም አብሯት መጣ። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነው ያለው። አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን አውርጄ እከፍተዋለሁ። እነዚያን መስመሮች እንዲያ አለስልሶ ጫፍ ድረስ የመራቸው ሰው፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ምን ያስብ እንደነበር እጠይቃለሁ። አንዲት ሙሽራ ደስ ይላታል ብሎ ይሆናል። ከዚያ ማንኪያው በእጄ እያለ ፊቴ ይግላል፤ እዘጋዋለሁ።

ባለቤቴ ስለዚያ ማንኪያ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም። እንግዳ የመጣ ቀን ግን እኔ ገና እጄን ሳልታጠብ እሱ ቀድሞ ወጥ ቤት ይገባል፤ የዘወትሮቹን ማንኪያዎች በሰፌድ ይዞ ይወጣና እንዳሻችሁ አንሡ ብሎ መካከል ላይ ያስቀምጥላቸዋል።